ፒዞው ለምን ይጮሃል? ለጂፕሲ ጃዝ ጊታር ፒክአፕና አምፕ ስለመምረጥ

ጥያቄው የመጣው ሊዮን፣ ፈረንሳይ ከሚኖር ወጣት ጊታር ተጫዋች ነው። ከቫዮሊን፣ ከሪትም ጊታርና ከኮንትራባስ ጋር ካፌ ውስጥ ሶሎ ይጫወታል። በፈረንሳዩ የሰልመር ጊታር አምሳያ በተሠራው ጊታሩ ላይ ፒዞ (ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፒክአፕ ማለትም ድምፅ ተቀባይ) ያለበት ብሪጅ (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) አስገጥሞ፣ ቤት በነበረው 15 ዋት ባለቲዩብ የኤሌክትሪክ ጊታር አምፕ ላይ ሰካው። «ድምፁ ቀጭን ነው፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። ቫዮሊኑን ልድረስበት ብዬ ከፍ ሳደርገው ደግሞ ይጮሃል። አምፑን ልቀይር ወይስ ፒክአፑን?»

ወንድሜ፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው፤ አብረው አይሄዱም እንጂ። መጀመሪያ የመቅጠኑን ነገር እንይ። ፒዞ በኤሌክትሪክ ጠባዩ ካፓሲተር ነው። ከአምፑ መግቢያ ሬዚስታንስ ጋር ሲገናኝ ቤዝ የሚቆርጥ ፊልተር ይሆናል። ለምሳሌ 1 ናኖፋራድ የሆነ ፒዞ 1 ሜጋ ኦም መግቢያ ላይ ሲሰካ፣ ከ160 ኸርትዝ ግድም ጀምሮ ወደታች ያለው እየሳሳ ይሄዳል። የጊታርህ ወፍራሙ ኢ ክር ደግሞ 82 ኸርትዝ ነው፤ ገና አምፑ ሳይነካው ግማሹ ቀርቷል ማለት ነው። 10 ሜጋ ኦም መግቢያ ያለው ፕሪአምፕ (ከአምፑ በፊት የሚገባ ትንሽ ማጉያ) መሀል ላይ ብታስገባ መቁረጫው ወደ 16 ኸርትዝ ይወርዳል። ሚክሰር ላይ በቀጥታ መሰካቱ መፍትሔ እንዳይመስልህ፣ የመስመር መግቢያው ሬዚስታንስ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ የባሰ ያቀጥነዋል።

ፕላስቲክ የሚመስለው ድምፅ ግን በፕሪአምፕ ብቻ አይጠፋም። በዚህ ሙዚቃ ወፍራም ፒክ ይዘህ ክሩን በኃይል ነው የምትመታው፤ ፒዞው ያንን ምት ከብሪጁ ሥር እንዳለ ይወስደዋል። የጩኸቱም ምንጭ ሩቅ አይደለም። የጊታርህ የፊት ጣውላ ስስና ቀላል ነው፣ ያለአምፕ እንዲሰማ ተብሎ የተሠራ። የስፒከሩ ድምፅ ጣውላውን ያርገበግበዋል፣ ፒዞው ያንን መልሶ ወደ አምፑ ይልከዋል፣ እንዲህ ሲዞር ይጮሃል።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት የትኛውን ጃንጎ እንደምትፈልግ ወስን፤ የጂፕሲ ጃዝ ፈር ቀዳጅ የሆነው ጊታሪስት ጃንጎ ሬይንሃርት ሁለት ዓይነት ድምፅ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1934 በተመሠረተው የሆት ክለብ ኩዊንቴት በተባለው ባንዱ ዘመን ድምፁ በማይክ ፊት የሚጫወተው የአኩስቲክ ጊታር ድምፅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1953 እስኪሞት ድረስ በነበሩት ዓመታት ደግሞ ስቲመር የሚባለውን የፈረንሳይ ማግኔቲክ ፒክአፕ ጊታሩ ላይ አድርጎ በአምፕ ተጫውቷል። ትንሽ ሻከር ያለ፣ ሚዱ (መካከለኛው ድምፅ) የበዛ፣ ሰውን የሚወጋ ድምፅ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ጃንጎ ጊታር ላይ የሁለተኛውን አምፕ ይሰካና ይቸገራል።

አንተ ሶሎ ተጫዋች ነህ፣ ካፌው ጫጫታ ነው፣ ቲዩብ አምፕ አለህ። እኔ ብሆን ማግኔቲክ እገዛለሁ። ማግኔቲክ በዋናነት የክሩን እንቅስቃሴ ስለሚያነብ ቶሎ አይጮህም፣ ለቲዩብ አምፕም የተፈጠረ ነው። ካፌው ውስጥ ፍሪጅና የመብራት ማደብዘዣ ካለ ግን ነጠላ ጥቅል ያለው ፒክአፕ እምም ይልብሃል፤ እንደ ክሪቮ ያለ ሀምበከር (ሁለት ጥቅል ኖሮት እምታውን የሚያጠፋ ፒክአፕ) ይሻላል። ጣውላውና ክሩ መሀል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ለካና የፒክአፑን ውፍረት ከመግዛትህ በፊት ጠይቅ።

አንድ ሁሉም ሰው የሚገረምበት ነገር አለ። የዚህ ጊታር ወፍራም ክሮች በብረት እምብርት ላይ በብር የተለበጠ መዳብ የተጠመጠመባቸው ናቸው። ማግኔት መዳቡን አያየውም፣ እምብርቱን ብቻ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ባዶ ብረት የሆኑት ቢና ቀጭኑ ኢ ከሌሎቹ በላይ ጎልተው ይሰማሉ፣ በተለይ ቢ። ፒክአፑን አዘንብለው፤ በቀጭኖቹ በኩል ከክሩ ይራቅ፣ በወፍራሞቹ በኩል ይጠጋ። ብሎን ካለው የቢን ብሎን ወደታች አስገባ። የኤሌክትሪክ ጊታር ኒኬል ክር ቀይር የሚሉህ አይጠፉም፤ ሚዛኑ ይስተካከላል፣ ጊታሩ ግን ያለአምፕ ሲሰማ ይሞታል። እኔ አልመክርም። አምፑ ላይ ትሬብሉን ቀንስ፣ ሚዱን ከፍ አድርግ፤ ከወለሉም አንስተህ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ቤዙ አይደበላለቅብህም።

የአኩስቲኩን ድምፅ ካልተውኩ የምትል ከሆነ አምፑን ነው የምትለውጠው። ፒዞውን በፕሪአምፕ አድርገህ እንደ ኤኢአር ኮምፓክት 60 ያለ፣ 60 ዋትና 8 ኢንች ስፒከር ያለው የአኩስቲክ አምፕ ላይ ትሰካለህ። የፌዝ ማብሪያ (የሲግናሉን አቅጣጫ የሚገለብጥ ቁልፍ) ያለው ፕሪአምፕ ፈልግ፣ ሲጮህ መጀመሪያ የምትነካው እሱን ነው። አምፑንም ከኋላህ ሳይሆን ከጎንህ ወደፊት አድርገው። ጸጥ ያለ አዳራሽ ከሆነ ጊታሩ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ከሁሉም ይበልጣል፤ ካፌ ውስጥ ግን አትሞክረው።

ሪትም የሚመታው ጓደኛህ ማግኔቲክ አይግዛ። ፖምፕ የሚባለው የጂፕሲ ጃዝ የሪትም ምት የእንጨት ድምፅ ነው፣ ማግኔቲክ ደግሞ እንጨቱን አይሰማም። ያንተን ፒዞ ብሪጅ ለእሱ መስጠት ትችላላችሁ። ብሪጁ በክር ግፊት ብቻ የሚቆም ስለሆነ እግሮቹ ከእሱ ጊታር ጣውላ ጋር ልክ መግጠም አለባቸው። ቀጭን ወረቀት ከሥሩ ለማስገባት ሞክሩ፤ ከገባ አልገጠመም። ስስ የብርጭቆ ወረቀት ሻካራው ወደላይ ሆኖ ጣውላው ላይ አንጥፉና ብሪጁን ቀስ እያላችሁ ወደፊትና ወደኋላ ሳቡት፣ እግሩ የጣውላውን ቅርጽ እስኪይዝ። ክሩ ዝቅ ብሎ ፍሬቱን ከመታ ከሥሩ ስስ እንጨት ይጨመራል። ከዚያ ቦታውን በ12ኛው ፍሬት አስተካክሉ፤ ሞላላ ቀዳዳ ባለው፣ የክሩ ርዝመት 670 ሚሊሜትር በሆነ ጊታር ከአንገቱ ጫፍ እስከ 12ኛው 335 ነው፣ ብሪጁ ከዚያ በእኩል ርቀት ላይ ሆኖ በወፍራሙ ክር በኩል ትንሽ ወደኋላ ይላል።