ዛፒየር፣ ሜክ ወይስ ኤን ኤይት ኤን? ከጎንደር ጀማሪዎች ጋር ጥያቄና መልስ

ኮድ ሳንጽፍ አንዱን መተግበሪያ ከሌላው የምናገናኝባቸውን ሦስት መሣሪያዎች (Zapier፣ Make፣ n8n) በተመለከተ «ጥያቄ ያለው ይጠይቅ» ብዬ ነበር። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ጥያቄው ጎረፈ። የምችለውን መልሻለሁ።

«ሁሉም የየራሱን ያወድሳል። ከየትኛው ልጀምር?» (ቱሪስት ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስድ አስጎብኚ)

መሣሪያውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ የሚያሰለችህን አንድ ሥራ ወረቀት ላይ ጻፍ። «እንግዳው ፎርም ሲሞላ ስሙ ሺት ላይ ይግባ፣ ለእኔም በቴሌግራም ይድረሰኝ» እንደማለት። በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተህ ሥራው ገና ለአንተም አልጠራም። እንዲያውም ከጉግል ፎርም ወደ ጉግል ሺት ለማስገባት ምንም መሣሪያ አያስፈልግህም፤ ራሱ ጉግል ይሠራዋል። የሚቀርህ የቴሌግራሟ መልእክት ብቻ ናት።

ለመግባት ቀላሉ ዛፒየር ነው፤ እየጠየቀ ይመራሃል። ዋጋው ግን ቶሎ ይከብዳል። ሜክ፣ ድሮ ኢንተግሮማት ይባል የነበረው፣ ሥራውን በክብ በክብ ሥዕል ያሳይሃል። ለመልመድ ትንሽ ይፈጃል፣ በነጻ የሚሰጠው ግን ሰፋ ያለ ነው። ኤን ኤይት ኤንን በራስህ ሰርቨር (ሁልጊዜ በርቶ በሚቆይ ኮምፒውተር) ላይ ከጫንከው ለፕሮግራሙ አትከፍልም፤ ሰርቨሩን የሚጠብቅ ሰው ግን ያስፈልግሃል። ለአንተ ሜክ ይሻላል ባይ ነኝ።

«ነጻው ይበቃኛል ወይ? በቀን አሥር ያህል ቦታ የሚያስይዝ እንግዳ አለኝ።» (የፔንሲዮን ባለቤት)

እትዬ፣ ጥያቄዎ የሁሉም ራስ ነው። መሣሪያዎቹ የሚቆጥሩበት መንገድ ይለያያል፤ ሰው የሚሸወደውም እዚህ ላይ ነው።

ዛፒየር የሚቆጥረው የተሠራውን ሥራ ነው። አዲስ ነገር መምጣቱን ማየቱን አያስከፍልም። ነጻው በወር 100 ሥራ ነው፤ አንድ መነሻና አንድ ድርጊት ብቻ ይፈቅዳል። የእርስዎ 10 እንግዳ በቀን፣ በወር 300 ይሆናል። ስለዚህ በአሥር ቀን ያልቃል።

የሜክ ነጻው በወር 1,000 እርምጃ ነው። ሰፊ ይመስላል። ግን ሜክ ሺቱን «አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ባየ ቁጥር ራሱ ይቆጥራል፣ ምንም ባያገኝም። በየ15 ደቂቃው እንዲያይ ካደረጉት በቀን 96፣ በወር 2,880 ይሆናል። አንድ እንግዳ ሳይመጣ ኮታዎ አለቀ ማለት ነው! መፍትሔው ቀላል ነው። በየሰዓቱ አንድ ጊዜ፣ በቀን በድምሩ አሥር ጊዜ ብቻ እንዲያይ ያድርጉት። ማየቱ 300፣ የቴሌግራሙ መልእክት 300፣ ድምሩ 600። ይበቃዎታል። ዌብሁክ የሚባለው መንገድ ደግሞ ከዚህም ይሻላል፤ መረጃው ራሱ ሲመጣ ነው የሚቀሰቀሰው፣ በከንቱ አይቆጥርም።

የኤን ኤይት ኤን ክላውድ (በኩባንያው ሰርቨር ላይ የሚሠራው) ደግሞ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ያለውን ሙሉ ቅብብሎሽ አንድ ብሎ ይቆጥራል፤ ውስጡ ሦስት ደረጃ ይኑር ሃያ ለውጥ የለውም። ረጅም ሥራ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገደቦቹ ስለሚቀያየሩ ከመመዝገብዎ በፊት የዋጋ ገጻቸውን ይዩ።

«የደንበኞቼ ስልክ ቁጥር አለኝ። ቦቱ ለሁሉም በቴሌግራም ይላክላቸው?» (የልብስ ሱቅ)

አይሆንም። የቴሌግራም ቦት፣ ማለትም በራሱ መልእክት የሚልክ አካውንት፣ መጀመሪያ ያላናገረውን ሰው ማናገር አይችልም። ደንበኛሽ ራሷ ቦቱን ከፍታ «ጀምር» ማለት አለባት። ሊንኩን በኪውአር አሳትመሽ ካሸሩ አጠገብ ለጥፊው። ቦትፋዘር (ቦት የሚከፈትበት የቴሌግራም አካውንት) የሚሰጥሽን ቶክን፣ ማለትም የቦቱን ቁልፍ፣ ደግሞ ለማንም እንዳታሳዪ። ስክሪንሾት ላይ ወጥቶ ካየሽው ወዲያው ሰርዘሽ አዲስ አውጪ።

«መብራት ሲጠፋስ?» (አዘዞ፣ የስልክ መለዋወጫ)

ዛፒየርና ሜክ የሚሠሩት በእነሱ ሰርቨር ላይ ነው። ያንተ ቤት ቢጨልምም ሥራው ይቀጥላል፤ ኔትወርክ ሲመለስ መልእክቶችህን ታገኛለህ። ኤን ኤይት ኤንን ላፕቶፕህ ላይ ከጫንከው ግን ላፕቶፑ ሲጠፋ እሱም ይጠፋል። ለመማሪያ ይሁን፣ ለሱቅ አይሁን።

«የማስታወሻ መልእክቱ በማይሆን ሰዓት ይሄዳል። ቀኑም ይዛባል።» (ለጥምቀት እንግዳ የሚቀበል ሌላ አስጎብኚ)

ሁለት የተለያየ ችግር ነው።

ሰዓቱ፦ ጠዋት 2 ሰዓት ስትል መሣሪያው የሚያውቀው 08:00ን ነው። የሰዓት ቀጠናውንም አዲስ አበባ ላይ አድርገው። ራስህ የጫንከው ኤን ኤይት ኤን ካልነገርከው በኒውዮርክ ሰዓት ነው የሚሄደው።

ቀኑ፦ እነዚህ መሣሪያዎች የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቁም። «ስምንት ቀን ደምር፣ ስምንት ቀን ቀንስ» የሚል ቀመር የሠራ ሰው አይቻለሁ። ለጥር ወር አብዛኛውን ዓመት ይሠራል። ጥር 11 በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ነው። ጳጉሜ 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ግን 20 ላይ ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንደዚያ ሆኗል። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ በአንድ ቀን መሳሳት ምን እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። ስለዚህ አንድ ዓምድ ለፈረንጅ ቀን፣ ሌላ ዓምድ ለእኛ ቀን ይኑርህ። መሣሪያው የመጀመሪያውን ብቻ ያንብብ።

«የጎንደር ሰው ብቻ እንዲያልፍ ያደረግሁት ማጣሪያ ግማሹን ሰው ይዘላል።»

ፊደሉን እይ። አንዱ «ጎንደር» ይጽፋል፣ ሌላው «ጐንደር»። ለኮምፒውተር ሁለት ከተማ ነው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ሰው እንዲጽፍ አትተወው፤ ከዝርዝር እንዲመርጥ አድርግ። ስልክ ቁጥሩንም ተመልከት፤ ሺት ቁጥር ሲመስለው የፊቱን 0 ይበላዋል። ዓምዱን ጽሑፍ አድርገው፣ ወይም በ251 ይጀምር።

«ቴሌብር ሲገባልኝ ደረሰኝ ራሱ ይላክ?»

በእነዚህ መሣሪያዎች ውስጥ የቴሌብር ዝግጁ ማገናኛ አላየሁም። እንደ ቻፓ ባለ የክፍያ አገናኝ የምትቀበል ከሆነ ክፍያው ሲፈጸም ዌብሁክ ይልካል። ሜክ በነጻው ይቀበለዋል፤ ዛፒየር ላይ ግን ዌብሁክ የሚከፈልበት ነው። አንድ ነገር አጥብቄ ልለምንህ። ደንበኛ በላከው ስክሪንሾት ብቻ «ተከፍሏል» የሚል ቅብብሎሽ እንዳትሠራ። ሐሰተኛ ደረሰኝ መሥራት እኮ ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

«ክሊኒክ ነው ያለን። የታካሚ ቀጠሮ…»

ቀጠሮውና ሰዓቱ ይሂድ፤ የሕመሙ ዓይነትና የምርመራ ውጤቱ አይሂድ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ ከሕግ ባለሙያ ጋር አንብቡት።

«በዶላር መክፈል ግድ ነው?»

በነጻው እስከቆየህ ግድ አይደለም። የሚከፈልበት ላይ ከወጣህ በየወሩ ሊቆረጥ የሚችል ዓለም አቀፍ ካርድ ከባንክህ መያዝህን አስቀድመህ አረጋግጥ። ክፍያው ሳይቆረጥ ቀኑ ካለፈ ዛፒየርና ሜክ ላይ ወደ ነጻው ትወርዳለህ፣ በነጻው የማይፈቀደው ሁሉ ይቆማል። ሥራህ በሙሉ ጉግል ውስጥ ከሆነ ጉግል አፕስ ስክሪፕት ያለ ክፍያ ይሠራልሃል። እሱ ኮድ ነው፣ ግን አጭር ነው፤ ኤአይ ይጽፍልሃል። በተራ ጂሜይል በቀን ከ100 በላይ ሰው ጋር ኢሜይል አይልክም።

«ተምሬ ለሌላው ሠርቼ ብሸጥ ያዋጣል?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ያዋጣል። ብቻ አካውንቱን በደንበኛው ኢሜይል ክፈት እንጂ በራስህ አይሁን። ስትመረቅና ከተማ ስትቀይር ሰውየው የራሱን ሥራ ለመክፈት አንተን ፍለጋ እንዳይደዋወል።