በብሪታንያ የሞተር መንጃ ፈቃድ፦ ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ውስጥ ሞተር ሳይክል ማስተማር ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። በየሳምንቱ የእኛን ልጆች አገኛለሁ፤ ጥያቄያቸውም አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ አንድ ጊዜ ልመልስና ይብቃኝ ብያለሁ። ስትጠይቁ ዕድሜያችሁን፣ እዚህ አገር መኖር ከጀመራችሁ ስንት ወር እንደሆናችሁ እና ምን ዓይነት ሞተር መንዳት እንደምትፈልጉ ጻፉ። ያለዚያ መልስ የለኝም።

ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር። ሲቢቲ የሚባለው የአንድ ቀን የሞተር ሥልጠና መንጃ ፈቃድ አይደለም። ምግብ የምታመላልሱ ደግሞ፣ ለግል መጓጓዣ የተገዛ ኢንሹራንስ ለሥራ አይሠራም። ሁለቱንም ዛሬ ደጋግሜ ሳልጽፋቸው አልቀርም።

የሐዋሳው፦ ጋሼ፣ ዕድሜዬ 31 ነው፤ እዚህ ከመጣሁ አምስት ወሬ ነው። ሐዋሳ ሰባት ዓመት ሞተር ነድቻለሁ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃዴ ይለወጥልኛል?

መልስ፦ ዕድሜህንና ወሩን ስለጻፍህ ተባረክ። አይለወጥም። ብሪታንያ ፈቃዳቸውን የምትለውጥላቸው አገሮች ዝርዝር አላት፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ነገር ግን እዚህ ነዋሪ ከሆንህበት ቀን አንሥቶ እስከ 12 ወር ድረስ በኢትዮጵያው ፈቃድ መንዳት ትችላለህ፤ ፈቃዱ የጸና መሆን አለበት፣ የሞተር ምድብም በላዩ ላይ መጻፍ አለበት። የመኪና ፈቃድ ብቻ ይዞ «እኔ ፈቃድ አለኝ» የሚል ሰው ስንቱን አየሁ! ወሩ የሚቆጠረውም ነዋሪ ከሆንህበት ቀን ነው፤ ሞተሩን ከገዛህበት ቀን አይደለም። አንተ ሰባት ወር ቀርቶሃል።

በእነዚያ ሰባት ወራት ግን አትተኛ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ፕሮቪዥናል የሚባለውን የተለማማጅ ፈቃድ በኢንተርኔት በ34 ፓውንድ ታወጣለህ። ከዚያ ሲቢቲ የተባለውን የአንድ ቀን ሥልጠና ትወስዳለህ፤ ዋጋው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። ቀጥሎ የጽሑፍ ፈተናው በ23 ፓውንድ፣ ሞጁል አንድ የሚባለው የሜዳ ላይ የተግባር ፈተና በ15 ፓውንድ ከ50፣ ሞጁል ሁለት የሚባለው የመንገድ ላይ ፈተና በሥራ ቀን በ75 ፓውንድ። የጽሑፉን ካለፍህ በኋላ ሁለቱን ሞጁሎች በሁለት ዓመት ውስጥ ካልጨረስህ ጽሑፉን እንደገና ትፈተናለህ።

ከዱባይ የመጣሁ፦ እኔ ዱባይ ተፈትኜ ያወጣሁት ፈቃድ አለኝ። የእኔስ?

መልስ፦ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ለየትኛው የተሽከርካሪ ምድብ እንደሚለወጥልህ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለው መጠይቅ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ይነግርሃል። እሱን ሙላ።

ኤፍሬም 22፦ ሰላም ጋሼ፣ መንጃ ፈቃድ እንዴት ነው የሚገኘው?

መልስ፦ በመፈተን። ከላይ የጻፍሁትን አንብብ።

ኤፍሬም 22፦ ይቅርታ። ዕድሜዬ 22 ነው፤ ትልቅ ሞተር ነው የምፈልገው።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። በ17 ዓመት እስከ 125 ሲሲ፣ በ19 ዓመት እስከ 35 ኪሎዋት የሞተር ጉልበት፣ በ24 ዓመት ገደብ የሌለው። የ35 ኪሎዋቱን ፈቃድ ሁለት ዓመት የያዘ ሰው በ21 ዓመቱም ለገደብ የለሹ መፈተን ይችላል። አንተ አሁን የመካከለኛውን ተፈተን። 24 እስኪሞላህ ብትጠብቅም መንገዱ ያው ነው፤ ግን ሁለት ዓመት በአውቶቡስ ትሄዳለህ።

ምሥራቅ ለንደን፦ ወንድሜ፣ ሲቢቲዬ ሊያልቅ ነው። ሦስተኛዬ ነው። የትኛው ትምህርት ቤት ርካሽ ነው?

መልስ፦ ሦስተኛ! እንግዲህ ቁጭ በል፣ ልንገርህ።

ሲቢቲ የሁለት ዓመት የልምምድ ወረቀት ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ተምረህ ተፈተን ተብሎ የተሰጠህ ጊዜ ነው። አንተ ግን እንደ ቦሎ እያሳደስኸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ከፊትና ከኋላ ቀዩን የተለማማጅ የኤል ምልክት ለጥፈህ ትዞራለህ፤ አውራ ጎዳና መግባት አትችልም፤ ሰው ማፈናጠጥ አትችልም፤ ከ125 ሲሲ በላይ መንካት አትችልም። ኢንሹራንስ የሚሸጥልህም ድርጅት እንደ ተለማማጅ ያይሃል፤ ዋጋውንም በዚያው ልክ ይቆልለዋል። ለሦስቱ ሲቢቲ ያወጣኸውን ደምረው። ከሁለቱ ሞጁሎችና ከጽሑፉ የፈተና ክፍያ፣ ማለትም ከ113 ፓውንድ ከ50 ጋር አወዳድረው።

«ጊዜ የለኝም» ልትል ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ይላል። በዝናብ ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ፒዛ የሚያመላልስ ሰው ለፈተና ጊዜ አጣሁ ሲል አልቀበለውም። ስለ ርካሽ ትምህርት ቤት አልነግርህም። የጽሑፉን ፈተና ቀን ያዝና ተመለስ፤ ያን ጊዜ የፈለግኸውን እመልስልሃለሁ።

ምሥራቅ ለንደን፦ እሺ፣ አትቆጣ።

መልስ፦ አልተቆጣሁም። ኢንሹራንስህስ ለክፍያ ዕቃ ማድረስን ይሸፍናል?

ምሥራቅ ለንደን፦ ለግል ነው መሰለኝ።

መልስ፦ «መሰለኝ» አይባልም። ከሥራ ላይ ቢያስቆሙህ ኢንሹራንስ እንደሌለህ ይቆጠራል፤ 300 ፓውንድ ቅጣት፣ በፈቃድህ ላይ ስድስት የቅጣት ነጥብ፣ ሞተሩንም ፖሊስ ሊወስደው ይችላል። ዛሬ ማታ ውሉን አውጥተህ አንብብ።

በርሚንግሃም 125፦ ለምን ትጨቃጨቃላችሁ? የኤሌክትሪክ ብስክሌት ግዛና ተገላገል። ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ኢንሹራንስ አያስፈልገውም።

የቄራው፦ እውነት ነው፤ እኔም እሱን ነው የያዝሁት። ጓደኛዬ ፈትቶ አስተካክሎልኝ 55 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሮጣል።

በርሚንግሃም 125፦ ፔዳል ሳትመታ ነው የሚሄደው?

የቄራው፦ ምን ፔዳል!

እመ ሁለት፦ እንግዲያውስ ያ ሞተር ሳይክል ነው፣ ወንድሜ። ብስክሌት አትበለው።

የቄራው፦ ማን ያውቃል? ፖሊስ ቆጣሪ ይዞ ይዞራል እንዴ?

መልስ፦ እመ ሁለት ትክክል ናት። በሕጉ ብስክሌት የሚባለው ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መግፋቱን የሚያቆም፣ ፔዳሉም የሚሠራ ነው። የቄራው የያዘው ሳይመዘገብ፣ ታርጋ ሳይኖረው፣ ያለ ፈቃድና ያለ ኢንሹራንስ የሚነዳ ሞተር ነው። ፖሊስ ደግሞ አዎ፣ ቆጣሪ ይዞ ይዞራል፤ የኋላውን ጎማ በማንከባለያ ላይ አድርገው ይለኩታል። ወደ ፈተናው እንመለስ።

እመ ሁለት፦ አመሰግናለሁ ጋሼ። ዕድሜዬ 38፣ እዚህ ስምንት ዓመት ኖሬያለሁ፤ የመኪና ፈቃድ አለኝ፤ ለሥራ መሄጃ 125 ስኩተር እፈልጋለሁ። የጽሑፍ ፈተናው በአማርኛ ይሰጣል? የመኪናውን በእንግሊዝኛ አልፌዋለሁ፤ ግን ስንት ጊዜ ወድቄ!

መልስ፦ አይሰጥም፣ እህቴ። በሌሎች ቋንቋዎች የድምፅ ትርጉም የነበረው እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ እንግሊዝኛና ዌልሽኛ ብቻ ነው። የመኪናው የጽሑፍ ፈተናሽም ለሞተር አያገለግልም፤ ለሞተር ለብቻው ትፈተኛለሽ። 50 ጥያቄ በ57 ደቂቃ፤ 43 ካገኘሽ ታልፊያለሽ። ሁለተኛው ክፍል ግን ከቋንቋ ይልቅ ዓይን ነው የሚፈልገው። 14 አጫጭር የመንገድ ቪዲዮዎች ይታያሉ፤ አደጋ ሊሆን የሚችል ነገር መታየት ሲጀምር የኮምፒውተሩን ማውስ ትነኪያለሽ፤ ከ75 ነጥብ 44 ያሳልፋል። ብዙ ሰው እዚህ የሚወድቀው ዝም ብሎ እየደጋገመ ስለሚነካ ነው። ኮምፒውተሩ እንደ ማጭበርበር ይቆጥረውና ለዚያ ቪዲዮ ዜሮ ይሰጣል።

ስለ ስኩተሩ፦ ማርሽ በሌለው ሞተር ከተፈተንሽ የምታገኝው ፈቃድ ማርሽ ለሌለው ብቻ ነው። ስኩተር ብቻ ለመንዳት ካሰብሽ ችግር የለውም።

እመ ሁለት፦ ሻሽ አስሬ ሄልሜት ባደርግስ? ሲኮች ያለ ሄልሜት ይነዳሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ያ ፈቃድ ጥምጥም ላደረገ ሲክ ብቻ ነው። ስስ ሻሽ ከሥር ማሰር ትችያለሽ፤ ሄልሜቱ ግን ሻሹን አስረሽ ነው መለካት ያለበት። በሻሽ የለካሽውን ያለ ሻሽ ብታደርጊው ይላላል፤ የላላ ሄልሜት ደግሞ ስትወድቂ ከራስሽ ቀድሞ ይሄዳል። ያገለገለ ሄልሜት አትግዢ፤ ወድቆ እንደሆነ ከውጭ አይታይም።

ዝናብ ጠል፦ ጋሼ፣ ሞጁል አንድ ሁለት ጊዜ ወደቅሁ። ሁለቱንም ጊዜ ዞሮ መመለሱ ላይ እግሬ መሬት ነካ። 27 ዓመቴ ነው፤ በ650 ነው የምለማመደው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቀው ነበር።

እግርህ መሬት የነካው ዓይንህ መሬት ስላየ ነው። ሞተር የሚሄደው ዓይን ወደሚያይበት ነው። መሬት የተሠመረውን መስመር እያየህ «አልወጣም፣ አልወጣም» ስትል ሞተሩ ወደ መስመሩ ይሄዳል፤ ትደነግጣለህ፤ ነዳጁን ትለቃለህ፤ ሞተሩ ይዘጋል፤ እግርህ ይወርዳል። አምስቱም ነገር የሚሆነው በአንድ ሰከንድ ነው።

እንዲህ አድርግ። ነዳጁን ትንሽ ከፍ አድርገህ ስጥና እዚያው ተወው፤ አትነካካው። ፍጥነቱን በፍሪሲዮን ተቆጣጠር፦ ሙሉ በሙሉ አትልቀቅ፣ ሙሉ በሙሉም አትያዝ፤ ሞተሩ መጎተት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ጣቶችህን አኑር። የእግር ፍሬኑን በስሱ ርገጥ። የፊቱን ፍሬን በዞረ መሪ ከነካህ ወዲያው ትወድቃለህ፤ ቀኝ እጅህ ከፍሬኑ ይራቅ። ከዚያ አገጭህን ወደ ትከሻህ አምጣና የምትወጣበትን ቦታ እይ። መዞር ከመጀመርህ በፊት ደግሞ ወደ ኋላ ዞረህ ማየት አትርሳ፤ ይህችን የትከሻ እይታ እንግሊዞቹ «ሕይወት አዳኝ» ይሏታል፣ ስሙ ሲያንሳት ነው። ስፖኪዮ የማያሳይህን መኪና የምታሳይህ እሷ ናት።

እኔ ተማሪዎቼን ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወስጄ ግማሽ ሰዓት በእርምጃ ፍጥነት አስነዳቸዋለሁ። ይሰለቻቸዋል። ቀስ ብሎ መንዳት ያልቻለ ግን ፈጥኖ መንዳት አይችልም።

ፍጥነቱን ካነሣን፣ በሞጁል አንድ ድንገተኛ ማቆሙና ከመሰናክል ማምለጡ በትንሹ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይፈልጋሉ። የሞተርህ መለኪያ በማይል ነው፤ 50 ኪሎ ሜትር ማለት 31 ማይል ገደማ ነው። አንተ 34 አድርገው።

የሐዋሳው፦ እኔ የሚያስቸግረኝ ግራው ነው። አደባባይ ላይ እጄ በራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

በርሚንግሃም 125፦ ኢትዮጵያም ድሮ በግራ ነበር የሚነዳው፤ አባቴ ነግሮኛል።

የቄራው፦ ውሸት። ጣሊያን ነው ቀኝ ያደረገው።

በርሚንግሃም 125፦ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው እኮ የምልህ!

የቄራው፦ ማስረጃ አምጣ።

መልስ፦ አባቱ ትክክል ናቸው፤ ወደ ቀኝ የተቀየረው በ1956 ዓ.ም. ነው። አሁን ይህን ክርክር እዚህ አቁሙት። የሐዋሳው፦ እዚህ አደባባዩ በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው፤ ቅድሚያ ከቀኝህ ለሚመጣው ትሰጣለህ። ከፈተናው በፊት እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ባዶ ሳለ፣ ያንኑ አደባባይ ሃያ ጊዜ ዙረው። በጣም የሚያሳስተው ግን አደባባዩ አይደለም፤ ከነዳጅ ማደያ ወይም ከግቢ ወደ ባዶ መንገድ ስትወጣ ነው። የምትከተለው መኪና ከሌለ እጅህ ሐዋሳን ያስታውሳል።

አዲስ ገቢ፦ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። ፕሮቪዥናሉ ይሰጠኛል?

መልስ፦ የሞተር አስተማሪ ነኝ። ጠበቃህን ጠይቅ፤ እዚህ የሚጽፍልህንም ማንንም አትስማ።

ዝናብ ጠል፦ ሞጁል ሁለት ከአንዱ ይከብዳል?

መልስ፦ ለአንተ ይቀልሃል። መንገድ ላይ ነው፤ ፈታኙ ከኋላህ እየተከተለ በጆሮ ማዳመጫ አቅጣጫ ይነግርሃል። አሥር ጥቃቅን ስህተት ይፈቀዳል፤ በሞጁል አንድ አምስት ብቻ ነው። የሲቢቲውን ወረቀትና የሞጁል አንዱን ማረጋገጫ ሳትይዝ እንዳትሄድ። ባለፈው ክረምት አንድ ተማሪዬ ወረቀቱን ቤት ረስቶ ሳይፈተን ተመለሰ፤ ገንዘቡም ቀረ። ስኒከር ጫማና ቁምጣም አድርገህ አትምጣ።

ሰሎሞን ማንችስተር፦ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ ይለወጣል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ።

ሰሎሞን ማንችስተር፦ ረጅም ስለሆነ ነው፤ ባጭሩ ንገረኝ።

መልስ፦ ባጭሩ፦ አይለወጥም። ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ተማሪ አለኝ፤ ደኅና እደሩ።

ምሥራቅ ለንደን፦ ጋሼ፣ ሳትወጣ! ውሉን አነበብሁት፤ ለግል ብቻ ነው። የጽሑፍ ፈተናውን ለሚቀጥለው ወር ይዣለሁ።

መልስ፦ ኢንሹራንሱን ሳትቀይር ነገ ሥራ እንዳትወጣ። ስታልፍ የጽሑፉን ውጤት ላክልኝ፤ ያቺን ዞሮ መመለስ እኔ በነፃ አሳይሃለሁ።