ሻጩ የፒክአፑን ዋጋ አልነግር ካለህ

ሻጩ ጠቅላላውን ዋጋ ትቶ «ለቶዮታ ታኮማው በወር ስንት መክፈል ትችላለህ?» እያለ ካስቸገረህ፣ ጥያቄውን አትመልስለት። እንዲህ በለው፦ «ታክሱ፣ ታርጋው፣ የወረቀት ክፍያው ሁሉ ተጨምሮ መኪናውን ይዤ የምወጣበትን አንድ ዋጋ በጽሑፍ ላክልኝ።»

ይህንኑ በኢሜይል ለአራት አምስት ዲለሮች (መኪና ሻጭ ድርጅቶች) ላክ። ሞዴሉና ዕቃው አንድ ዓይነት ይሁን፣ አለዚያ ማወዳደር አትችልም። ዝቅተኛውን ይዘህ ለሌሎቹ አሳያቸው። ቨርጂኒያ የምትኖር ከሆነ ጎረቤት ሜሪላንድ ድረስም ጠይቅ። ታክሱን የምትከፍለው መኪናውን በምታስመዘግብበት በቨርጂኒያ ነው፣ 4.15 በመቶ።

ዝርዝሩ ሲመጣልህ መስመር በመስመር እየው። ታክስና ታርጋ የመንግሥት ነው፣ አይነካም። የዲለሩ የወረቀት ክፍያ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ የሕግ ጣሪያ የለውም። «ለሁሉም እኩል ነው፣ አንቀንስም» ይሉሃል። ይሁን፣ ያንኑ ያህል ከመኪናው ዋጋ ላይ አስቀንስ። የቀለም መከላከያ፣ ጎማ ውስጥ የተሞላ ናይትሮጅን ምናምን ካስገቡብህ አውጡልኝ በል።

አንድ ነገር አደራ። ብድሩን ሳትሄድ በፊት ከክሬዲት ዩኒየን (የአባላት ቁጠባና ብድር ማኅበር) አስፈቅድ። እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን ስገዛ በወር 700 ዶላር የተባለውን «ወደ 600 አወረድንልህ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ለካ የክፍያውን ጊዜ ከ60 ወር ወደ 84 አሳድገውታል። 42,000 የነበረው 50,400 ዶላር ሆነብኝ። ፋይናንስ ክፍል ስትገባ ከመፈረምህ በፊት ስንት ወር እንደሚል ራስህ አንብብ፤ ካልገባህ ወረቀቱን ይዘህ ውጣና ነገ ተመለስ።