ቶኪዮ ላይ ካሜራ ይዞ መቆም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። በኅዳር ለሥልጠና ቶኪዮ ልትሄጂ ነው፤ አራት ቀን ለራስሽ አለሽ። ስልክሽንና አንድ አሮጌ ካሜራ ይዘሽ የት ብትሄጂ ጥሩ ፎቶ እንደምታገኚ፣ ሰው ማንሳትስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። እኔም በሥልጠና ሰበብ ሦስት ሳምንት ከርሜበታለሁ። ወደ 2 ሺህ ፎቶ ይዤ ተመለስኩ። ዛሬ ለሰው የማሳየው 30 አይሞላም። ከእኔ ጥፋት ታተርፊ እንደሆነ ልንገርሽ።

የመጀመሪያውን ቀን እንደ ማንኛውም እንግዳ ሺቡያ ሄድኩ። ያ በቪዲዮ የምናየው መስቀለኛ መንገድ ነው። መብራቱ ለመኪና በሁሉም አቅጣጫ ይዘጋል፤ እግረኛው ከየጥጉ፣ ሰያፍም ጭምር ይለቀቃል። ዓይንሽ አዋጅ ይሆንብሻል። ብዛቱ እንኳ ብዙም አልገረመኝ፤ ብዛትማ መርካቶም አለ። እኔን ያስደነቀኝ ዝምታው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሲሻገር የሚሰማሽ የጫማ ኮቴና ከየሕንፃው ስክሪን የሚለቀቅ ማስታወቂያ ነው። የሚጣራ የለም፣ የሚገፋ የለም። ሊጋጩ ነው ስትዪ ሸርተት ብለው ይተላለፋሉ። ይህን ደግሞ ካሜራ አይዘውም። መቶ ፎቶ አነሳሁ፤ መቶውም ፖስት ካርድ ሆኖ አረፈው።

የተሻለውን ያገኘሁት ለመንገዱ ጀርባዬን ሰጥቼ ነው። እዚያው ባቡር ጣቢያው በር ላይ ሃቺኮ የሚባል ውሻ ሐውልት አለ። ጌታው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው፣ በ1925 ሞተ። ውሻው ግን እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ ጣቢያው እየመጣ ጠበቀው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) የመጀመሪያው ሐውልት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለብረት ሲባል ቀለጠ፤ የአሁኑ በ1948 የቆመ ነው። ሰው ሁሉ የሚቀጣጠረው እዚያ ነው። አንድ ጥግ ይዤ 40 ደቂቃ ቆምኩ። ከረባት ያሰሩ ሽማግሌ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ አበባ ይዘው፣ ሰዓታቸውን አሥር ጊዜ ያያሉ። ፊታቸውን አላነሳሁም። አበባውን፣ የተወለወለ ጫማቸውንና የውሻውን የፊት እግር ብቻ አስገባሁ። ያቺን ፎቶ እስካሁን እወዳታለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይሄው ነው፦ በቀን ስድስት ሰፈር አታካልዪ። አንድ ቦታ ምረጪና ቁሚ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ሰው ማንሳት ይቻላል፣ ግን ጃፓኖች ፊታቸው ያለ ፈቃዳቸው ሲነሳ አይወዱም። እዚያ አገር የሚሸጥ ስልክ የካሜራው «ቀጭ» የሚል ድምፅ እንዳይጠፋ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ተደብቆ ሰው የሚያነሳውን ለመከላከል ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሺንጁኩ ጣቢያ አጠገብ ኦሞይዴ ዮኮቾ የሚባል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ገባሁ። ግራና ቀኝ ከስድስት ሰባት ሰው በላይ የማይዙ ምግብ ቤቶች ናቸው፤ የዶሮ ጥብስ ጭስ መንገዱን ሞልቶታል። ሳልጠይቅ ካሜራዬን አነሳሁ። ጠባሹ ቀና ብሎ አየኝና ሁለት ክንዱን ደረቱ ላይ እንደ መስቀል አጣመረ። አንድ ቃል አልወጣውም። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ማታ ተመለስኩ። ገብቼ ተቀመጥኩ፣ አዘዝኩ፣ በላሁ። ከዚያ ካሜራውን እያሳየሁ «ሻሺን፣ ዳይጆቡ?» አልኩት፤ ፎቶ፣ ችግር የለም? እንደማለት ነው። ሳቀ። ወደ ፊቱ ጠቁሞ እጁን አወዛወዘ፤ ወደ እጆቹና ወደ ፍሙ ጠቁሞ ደግሞ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። በአንድ እጁ የሥጋውን እንጨት ያገላብጣል፣ በሌላው ማራገቢያ ይዞ ፍሙን ያራግባል፤ አውራ ጣቱ ላይ የድሮ ቃጠሎ ጠባሳ አለ። ለማኝ እንኳን ቆሞ ነው የሚጠይቀው፣ እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን እንደ ሌባ ነበር የሄድኩት። ጎልደን ጋይ የሚባለው የመጠጥ ቤት ሰፈርም እዚያው ቅርብ ነው፤ ፎቶ ክልክል የሚል ምልክት ስታዪ ዝም ብለሽ እለፊ።

ከፍታ ከፈለግሽ ሺንጁኩ ያለው የከተማው አስተዳደር ሕንፃ 45ኛ ፎቅ በነጻ ያስገባል፤ 202 ሜትር ነው። በኅዳር ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ በመሆኑ 9 ተኩል ላይ ውጪ። ሰማዩ ጥርት ካለ ፉጂ ተራራ ይታይሻል። ሌንሱን መስታወቱ ላይ አስጠጊና በጥቁር ሹራብ ሸፍኚው፤ አለዚያ የራስሽን ፊት ነው የምታነሺው። ሺቡያ ላይ ያለው በክፍያ ነው፤ የፀሐይ መጥለቂያው ሰዓት ትኬት ቀድሞ ያልቃል፤ ቦርሳሽንም ሎከር ውስጥ አስቀምጠሽ ነው የምታልፊው። ውብ ነው፣ ግን ለእኔ ነጻው በቂ ነበር።

አሳኩሳ ያለውን የሴንሶጂ ቤተ መቅደስ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት ሂጂ። ሱቆቹ ዝግ ስለሆኑ መዝጊያዎቻቸው ላይ የተሳለው ሥዕል ይታያል። ረፋድ ላይ ከሄድሽ የምታነሺው የሰው ማጅራት ነው።

ዝናብ ከመጣ ሆቴል እንዳትቀመጪ! ከሱቅ ያንን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ጃንጥላ ግዢና ውጪ። የኒዮኑ ቀለም አስፋልቱ ላይ ሲፈስ፣ ጃንጥላው ላይ ሲንጠባጠብ፣ ስልክሽ ራሱ ጥሩ ፎቶ ያነሳል።

ባቡር ጣቢያ ላይ ነጭ ጓንት ያደረጉትን ሠራተኞች ልብ በያቸው። ባቡሩ ሲወጣ በጣታቸው ሐዲዱን፣ በሩን፣ መብራቱን እየጠቆሙ ለራሳቸው ጮክ ብለው ይናገራሉ። ያበዱ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይን ያየውን እጅና አፍ እንዲያረጋግጥ፣ ስህተት እንዳይገባ ነው። ፍላሽ ብቻ አጥፊ። ጠዋት በሥራ መግቢያ ሰዓት ደግሞ ካሜራ ይዘሽ ተሳፋሪው መሐል አትቁሚ፤ ሺንጁኩን በቀን ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚያልፍበት የዓለም አንደኛ ጣቢያ ብሎ ጊነስ መዝግቦታል፤ መውጫው ብቻ ከ200 በላይ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ጠፍቼበታለሁ፣ ሦስተኛውን አልቆጥርም።

ሲደክምሽ ከድሮዎቹ ቡና ቤቶች አንዱ ግቢ። ዝርዝሩ ላይ «ሞካ» ካለ ወይ የእኛ ወይ የየመን ቡና ነው። እኔ የገባሁበት ቤት ባለቤት ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡና «አበበ!» አሉ። ልጅ ሆነው አበበ ቢቂላን በቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን በቴሌቪዥን አይተውታል። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ከሆነ አንድ ወር ገደማ ቢሆነው ነው፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ገብቶ ሣሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ። እሳቸው ያንን ማፍታታት በእጃቸው እያሳዩኝ ቡናው ቀዘቀዘ።

አበበ የሮጠበት ያ መንገድ ኮሹ ካይዶ ይባላል፤ ከሺንጁኩ ጣቢያ ደቡብ በር ስትወጪ ፊት ለፊትሽ ያለው ነው። ሯጮቹ የዞሩበት ቦታ ላይ፣ ቾፉ ውስጥ፣ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። ከሺንጁኩ በኬዮ መስመር ተሳፍረሽ ቶቢታኪዩ ውረጂ፤ ፈጣኑ ባቡር አልፎት ሊሄድ ስለሚችል እያየሽ ተሳፈሪ። ቦታው ለዓይን የሚያምር ነገር የለውም፣ መኪና የሚበዛበት ተራ ጎዳና ነው። እኔ ከማዶ ሆኜ ሳነሳው ጭነት መኪና ግማሹን ከለለብኝ። አንቺ ከቀናሽ አንድ ላኪልኝ።