እጅና እግር የሚያርፍበትን ለእንጨት ስጡት

ቤት መንደፍ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ያልተለሰነ ኮንክሪት መውደዳችሁ ደስ ያሰኘኛል። ግን ኮንክሪት፣ ብረትና ድንጋይ አንድ ሳሎን ውስጥ ሰብስባችሁ ስታበቁ፣ «ይሙቅ» ብላችሁ በየግድግዳው እንጨት አትለጥፉ። ሚዛን ግማሽ በግማሽ ማካፈል አይደለም። መለኪያችሁ የሰው አካል ይሁን፤ እጅ፣ እግርና ጀርባ የሚያርፍበት እንጨት ወይም ሱፍ፣ ዓይን ብቻ የሚደርስበት ኮንክሪትና ድንጋይ። የደረጃ መደገፊያው፣ የበሩ እጀታ፣ ከአልጋ ሲወረድ የሚረገጠው ቦታ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ጠዋት የሲሚንቶ ወለልና ፓርኬ እኩል ቢቀዘቅዙም፣ ሲሚንቶው የእግርን ሙቀት በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይወስዳል።

ያልተለሰነ ግድግዳ ስህተት አይደብቅም። የመብራት ቱቦውና የሶኬቱ ቦታ ኮንክሪቱ ሳይሞላ ማለቅ አለበት፤ በኋላ መሮ ካነሣችሁ ጥገናው ዕድሜ ልክ ይታያል። ሲሞላ ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ የሚያጠቀጥቀው መሣሪያ፣ ቫይብሬተሩ፣ ያልደረሰበት ቦታ ጠጠሩ እንደ ማር እንጀራ ተቦርቡሮ ይቀራል። ኮንክሪቱ የተሞላበት ቅርጽ ማውጫ ሣጥን፣ ፎርምወርኩ፣ ሲፈታ ሥራው ያለቀ አይምሰላችሁ፣ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ አጠጡት።

አብዝታችሁ እንድትጠነቀቁ የምለምናችሁ ግን እርጥበትን ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ የተነጠፈ ፓርኬ ከሥር ውሃ ይጠጣና ያብጣል። ከማንጠፋችሁ በፊት 45 በ45 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ወለሉ ላይ ዘርጉና አራቱንም ጠርዝ በሚጣበቅ ፕላስተር አሽጉ። በ24 ሰዓቱ ስትገልጡት ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ጠብቁ፤ ባለቤቱ ቢቸኩልም ጠብቁ።

እንጨቱንም እንዲሁ ፈትኑ። ከጣውላው ጫፍ ራቅ ብላችሁ ቁራጭ ውሰዱና መዝኑ፣ በ103 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁት፣ ደግሞ መዝኑ። 115 ግራም የነበረው 100 ከሆነ እርጥበቱ 15 በመቶ ነው፣ ገና ነው። ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ዋንዛ አትግጠሙ፤ ባሕር ዛፍማ ቶሎ ስለሚጣመም የባሰ ትዕግሥት ይጠይቃል። በፓርኬው ዙሪያ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተዉለት፣ በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ዞኮሎ ይሸፍነዋል። ክፍተት ያጣ እንጨት ክረምት ሲገባ መሐሉ ይነሣል።

መብራት የብርሃኑ ቀለም ከ2,700 እስከ 3,000 ኬልቪን የሆነውን፣ ወደ ቢጫ የሚያደላውን ግዙ። የ6,500ው ነጭ አምፖል ኮንክሪቱን አመድ ያስመስለዋል፣ የዋንዛውንም ቀለም ይገድለዋል።

ድምፁንም አዳምጡ። ባዶው ክፍል መሐል ቆማችሁ አጨብጭቡ። ካስተጋባ፣ ተጨማሪ እንጨት አያድነውም፤ እንጨትም ጠንካራ ገጽ ነውና ድምፁን ይመልሳል። ወፍራም መጋረጃና የሱፍ ምንጣፍ አስገቡና እንደገና አጨብጭቡ።