የሃምሳ አለቃውና የመምህሩ የሕይወት ታሪክ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ አባታችን በ94 ዓመታቸው ዐረፉ። በክብር ዘበኛ ሳሉ ኮርያ ዘምተዋል። በ1953 ከጦሩ ወጥተው በመምህርነት ሠለጠኑ፤ እስከ 1978 አስተምረው ጡረታ ወጡ። በቀብራቸው ዕለት የተነበበው የሕይወት ታሪክ በአንድ ሌሊት የተጻፈ ስለነበር ዓመታቱ ተምታቱ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸውም «ይሄ የማንም ታሪክ ሊሆን ይችላል» ብለው አዘኑብን። ለአርባቸው ታርሞ እንዲነበብ፣ በትንሽ ወረቀትም ታትሞ እንዲታደል እንፈልጋለን። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ከየት እንጀምር? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ሦስት ሳምንት ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳምንት ግን አንድም መስመር አትጻፉ፤ ወረቀት ሰብስቡ። በቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ የስንብት ወረቀት፣ የቅጥርና የዝውውር ደብዳቤ፣ የደመወዝ ጭማሪ ማስታወቂያ፣ የጡረታ ደብተር፣ ምስክር ወረቀት፣ ጀርባው ላይ የተጻፈበት ፎቶግራፍ፣ አንድ ቦታ አከማቹ። ከዚያ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ ዓመት፣ የነበሩበት ቦታና ሥራ፣ ይህን ያወቅንበት ማስረጃ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነበት መስመር ሁሉ ገና ያልተጣራ ነው። የቀብሩ ዕለት ጽሑፍ የተበላሸው ይህ ዓምድ ስላልነበረው ይመስለናል፤ አንዱ ልጅ የሰማውን፣ ሌላው የገመተውን ሲያቀብሉት ሁሉም እኩል እውነት ሆኖ ይጻፋል።

የዘመን አቆጣጠር ላይ ተጠንቀቁ። ከኮርያ የመጣ ፎቶ ጀርባ ላይ «1951» ተብሎ ቢገኝ በፈረንጅ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ በእኛ 1943 ወይም 1944 ነው። በእኛ ከሆነ ደግሞ ጦርነቱ ካበቃ ስድስት ዓመት አልፎታል። የወሩ ስም በፈረንጅ ከተጻፈ ዓመቱም የፈረንጅ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ከመስከረም እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ (ታኅሣሥ 22 ገደማ) ድረስ 7፣ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ትቀንሳላችሁ። በጽሑፉ ውስጥ አንድ አቆጣጠር ብቻ ተጠቀሙ።

ቀጥሎ የትኛው ዙር እንደነበሩ ለዩ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ (ወደ ኮርያ የተላከው የኢትዮጵያ ጦር) ከሀገር የወጣው በሚያዝያ 1943 ነው። ሁለተኛው በ1944፣ ሦስተኛው በ1945 ተተካ። ተኩስ አቁም የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ስለሆነ ከዚያ በኋላ የሄዱት ዘማቾች ሰላም አስከባሪ እንጂ ተዋጊ አልነበሩም። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሦስቱም ዙር የተዋጋበትን ኮረብታ ሁሉ ለአንድ ሰው ይሰጡታል። በጉባኤው መካከል አንድ አረጋዊ ዘማች ካሉ ወዲያው ያውቁታል፤ ያን ጊዜ የቀረውም እውነት አብሮ ይጠረጠራል። ዙራቸውን የሚያሳይ ወረቀት ከጠፋ ስማቸውንና ማዕረጋቸውን ይዛችሁ የኮርያ ዘማቾችን ማኅበር ጠይቁ። የሻለቃውን ዝና መዘርዘር አያስፈልግም፤ ቃኘው ምርኮኛ እንዳልሰጠ አዲስ አበባ ያውቃል። የሚፈለገው እሳቸው በመትረየስ ክፍል ነበሩ ወይስ በመገናኛ፣ ወይስ በሕክምና የሚለው ነው።

አሁን ወደ 1953። ደብዳቤዎ «ከጦሩ ወጥተው» ብሎ በሁለት ቃል ያልፈዋል፤ የቀብሩም ጽሑፍ እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። ነገር ግን ታሪካቸው የሚታጠፈው እዚህ ላይ ነው። የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት መፈንቅለ መንግሥት የተሞከረው በታኅሣሥ 1953 ነው፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት ከክብር ዘበኛ የወጣ ሰው ሲባል አድማጭ ራሱ ይጠይቃል። አባትዎ በነገሩ ነበሩበት ወይም አልነበሩበትም ብላችሁ ያለ ማስረጃ አትፍረዱ። ወሩን ከስንብት ወረቀቱ አውጡና ልክ እንዳለ ጻፉት፦ «በ1953 በዚህ ወር ከክብር ዘበኛ ተሰናበቱ፤ በዚህ ዓመት መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ።» በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ስንት ወር ነው? በምን ሲተዳደሩ ቆዩ? ይህን ከእናታችሁ ወይም ከእኩዮቻቸው ጠይቃችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብታገኙ ከአሥር ምስጋና ይበልጣል። ጠመንጃ የያዘ እጅ ጠመኔ የያዘው እንዴት እንደሆነ ነው ሰው መስማት የሚፈልገው።

የማስተማር ዘመናቸውን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ማጣራት ይቻላል። የክፍል ኃላፊ መምህር የነበሩበት ዓመት ካለ ሮስተሩ ላይ ፊርማቸው ይገኛል፤ የትኛውን ክፍል በየትኛው ዓመት እንደያዙ ከዚያ በላይ አስረጂ የለም። በቤተሰቡ ስም አጭር ማመልከቻና መታወቂያ ይዛችሁ ሂዱ። የቆየ መዝገብ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቶ ስለሚሆን በዚያው ቀን አይገኝም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሰኞ ብትጀምሩ ይሻላል። የትምህርት ቤት ስም ከዘመን ዘመን እንደሚለወጥም አትርሱ። ተፈሪ መኰንን በኋላ እንጦጦ ተብሏል፤ በጊዜው የነበረውን ስም ጽፋችሁ የኋላውን በ«በኋላ» ጨምሩ፤ አለዚያ ግማሹ ተማሪ የራሱን ትምህርት ቤት አያውቀውም።

ተማሪዎቻቸውን «ጋሼ እንዴት ያሉ ሰው ነበሩ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ «ደግ፣ ትሑት፣ ሰው አክባሪ» ነው፤ እሱ ደግሞ ለሁሉም ሟች ይባላል። አርፍዶ የመጣን ተማሪ ምን ያደርጉት ነበር? ስም ሲጠሩ በአባት ስም ነበር ወይ? ሰሌዳው ላይ ቀን የሚጽፉት በየት በኩል ነው? ደብተር መግዛት ያቃተውን ልጅ እንዴት አለፉት? ስለ ኮርያ በክፍል ውስጥ አንሥተው ያውቃሉ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ለአምስት ሰዎች ብታቀርቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ሳይመካከሩ የሚገጣጠሙበት ነገር ይወጣል። የሚጻፈው ያ ነው። አንድ ሰው ብቻ የነገራችሁን ከወደዳችሁት «አንድ ተማሪያቸው እንደሚያስታውሰው» ብላችሁ አስገቡት።

ርዝመቱ ከ450 ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ተረጋግቶ ሲነበብ አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ለአንባቢው በ16 ቁጥር ፊደል፣ መስመሩ ሰፋ ብሎ ይታተምለት። ለሚታደለው 12 ይበቃል፤ አንድ ኤ4 ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ አራት ገጽ ይወጣዋል፦ ፎቶ፣ ሁለት ገጽ ታሪክ፣ ምስጋና። አንባቢው ልጅ ባይሆን እንመክራለን፤ እንባ ሲይዘው ጉባኤው ታሪኩን ትቶ እሱን ያያል። የቀድሞ ተማሪ ቢያነበው መልካም ነው። ካህናቱ ከባረኩ በኋላ፣ ምግብ ሳይቀርብ ይነበብ፤ ሳህን ከተነሣ በኋላ ማንም አይሰማም።

ጥያቄ፦ የአያቴ ሜዳሊያዎች ጠቁረዋል፤ ፎቶዎቹም ከአልበሙ ጋር ተጣብቀዋል። ለመታሰቢያው ቀን ላሳያቸው እፈልጋለሁ። (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሜዳሊያውን በሎሚም በአመድም አታሽው፤ የቅርጹን ጠርዝ ይበላዋል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ብቻ አንሺለት፤ ጥቁረቱ ዕድሜው ነው። ጥብጣቡን አታጥቢ፤ ቀለሙ ይለቃል። የተባበሩት መንግሥታት የኮርያ ሜዳሊያ ሰማያዊና ነጭ ሽንትር ያለው ጥብጣብ ነው፤ አንድ ጊዜ ውኃ ከነካው ነጩ ሰማያዊ ሊሆን ይችላል። በፌስታል አትቋጥሪው፤ ክረምት ላይ ውስጡ ያልባል። ቀለም ባልተነከረ ነጭ ጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አብረሽ አስቀምጪ።

የተጣበቀውን ፎቶ አትላጪው። አልበሙን እንዳለ በ600 ዲፒአይ ስካን አስደርጊው፤ ጉርድ ፎቶ ከሆነ 1200። ስካነር ከሌለ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ አስተኝተሽ፣ ፍላሹን አጥፍተሽ፣ ስልኩን ከፎቶው ትክክል አግድም ይዘሽ አንሺ። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ አለዚያ ጥራቱ ይወርዳል፤ ሲታተምም ይደበዝዛል። ላሚኔሽን ፈጽሞ አይሁን፤ ሙቀቱ አሮጌውን ፎቶ ያበላሸዋል፤ መልሶ ማውጣትም አይቻልም።

ጥያቄ፦ በመቃብር ድንጋዩ ላይ «ሻለቃ» ነው «ሻለቃ ባሻ» የሚባለው? ፊደሉስ? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ሻለቃ ባሻ የባለሌላ ማዕረግ (ከመኮንን በታች ያለ ወታደር) ነው፤ ሻለቃ የመኮንን። ሲያጥር ማዕረጉ ከፍ ያለ ስለሚመስል ቤተሰብ «ባሻ» የሚለውን ሳያስበው ይጥለዋል፤ ሰውየው ያገኙት ማዕረግ ግን ሙሉው ነው፤ በሠሩበት ልክ ይጻፍላቸው። መምህርም ከነበሩ መምህርነታቸው ከማዕረጉ በኋላ ይከተል፦ «ሻለቃ ባሻና መምህር»፣ ከዚያ ስም።

ፊደሉን በተመለከተ፦ «መምህር» በሃሌታው ህ ነው፤ «ዓመተ ምሕረት» ግን በሐመሩ ሕ። «ሠራዊት» በንጉሡ ሠ፣ «ዐረፉ» በዓይኑ ዐ ይጻፋል። ቀራጩ የሚከተለው የሰጣችሁትን ወረቀት ስለሆነ በእጅ ጽሑፍ አትስጡት። በድንጋዩ ልክ አሳትማችሁ፣ ሁለት ሰው አንብቦ ፈርሞበት ይሂድ፤ አንዴ ከተቀረጸ በኋላ ስሕተቱ የሚወጣው የድንጋዩን ፊት በሙሉ ፍቆ ዝቅ በማድረግ ነው።