የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ወላጅ በሃሪኬን ወቅት መንከባከብ፦ ጥያቄና መልስ

የአትላንቲክ የሃሪኬን (ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስና ማዕበል) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30፣ ማለትም ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ይቆያል፤ የሚበረታው ግን ከፍልሰታ ጾም እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ነው። በአረጋውያን እንክብካቤ የምሠራ ነርስ እንደ መሆኔ ከሂውስተንና ከአካባቢዋ እንዲሁም ከፍሎሪዳዋ ታምፓ የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አጣምሬአለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ 81 ዓመታቸው ነው። የምንኖረው በሂውስተን ደቡብ ምዕራብ፣ አሊፍ ነው። ሃሪኬን እየመጣ ነው ሲባል ከከተማው ይዣቸው ልውጣ ወይስ ቤታችን እንቆይ?

መልስ፦ ውሳኔዎ ከነፋሱ ይልቅ ውኃውን የተመለከተ ይሁን። የአደጋ ጊዜ ሠራተኞች «ከውኃ ሽሽ፣ ከነፋስ ተከለል» የሚሉት፣ ባሕሩ ወደ የብስ ሲገፋ በዳርቻው ያለ ሰው ቤቱ ውስጥ ሆኖ የሚያመልጥበት መንገድ ስለሌለው፣ ከዳርቻው ርቆ በጠንካራ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን ነፋሱን ብዙውን ጊዜ ተጠልሎ ሊያሳልፈው ስለሚችል ነው። በጋልቨስተን፣ በብራዞሪያና በአጎራባች ካውንቲዎች የሚለቀቁት ቀጠናዎች በዚፕ ኮድ ተለይተው በካርታ ወጥተዋል፤ አሊፍ ከእነዚህ ውጭ ነው። ይሁንና በ2017 ሃርቪ የተባለው ሃሪኬን እንዳሳየው ከባሕር የራቀ ሰፈርም በዝናብ ብቻ ሊጥለቀለቅ ይችላል፤ ያኔ ከሂውስተን በስተምሥራቅ በምትገኘው ኔደርላንድ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዘንቧል። ስለዚህ የምትኖሩበት ቤት በሃርቪ ጊዜ ውኃ ገብቶበት እንደ ነበር የቆዩ ጎረቤቶችን ይጠይቁ። ገብቶበት ከነበረ መውጣቱን እመርጣለሁ።

መውጣትም ቢሆን አደጋ የሌለበት አይደለም። በሴፕቴምበር 2005 ሪታ የተባለችው ሃሪኬን ስትቃረብ ከሂውስተን አካባቢ ሚሊዮኖች በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ወጥተው ብዙ ሰዎች በቆመ መኪና ውስጥ ለረጅም ሰዓታት በሙቀት ተንገላቱ፤ ከአንድ የአረጋውያን ማቆያ ሰዎችን ጭኖ ወደ ዳላስ ይጓዝ የነበረ አውቶቡስም በእሳት ተያይዞ 23 ሰዎች ሞቱ። በቴክሳስ በሪታ ምክንያት ከሞቱት አብዛኞቹ የሞቱት በማዕበሉ ሳይሆን በሽሽቱ ነው። ስለዚህ የሚወጡ ከሆነ ይፋዊ ትእዛዝ ሳይጠብቁ፣ ሌላው ሰው ገና ሲያመነታ፣ በማለዳ ይውጡ፤ የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው መደናገር ከሰዓት በኋላና ማታ ይብሳልና። ማረፊያውም ከሆቴል ይልቅ እናትዎ ፊቱን የሚያውቁት ዘመድ ቤት፣ ለምሳሌ በዳላስ ወይም በኦስቲን ቢሆን ይሻላል። ማዕበሉ አቅጣጫውን ቀይሮ ጉዞው በከንቱ ቢቀር የሚያስከፍለው ቤንዚንና ድካም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አባባ በጉዞው ላይ እንዳያስቸግሩን ቤናድሪል (እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት) ልስጣቸው? አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ ለእናቷ የታዘዘውን ሴሮክዌል (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) አካፍልሃለሁ ብላኛለች።

መልስ፦ ሁለቱንም አይስጡ። ቤናድሪል የመርሳት በሽታ ያለበትን አረጋዊ ይበልጥ ያደናግራል፤ ሽንት ይይዛል፤ ላብን ስለሚቀንስ በሙቀት ጊዜ አደጋው ይብሳል። ሴሮክዌልን የመሳሰሉ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የሞትን ዕድል እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከ2005 ጀምሮ ከማስጠንቀቂያዎቹ ሁሉ ጠንካራ በሆነው በጥቁር ሣጥን ማስጠንቀቂያ ያሳውቃል። ሐኪም አመዛዝኖ ሊያዝዘው ይችላል፤ የጎረቤት መድኃኒት ግን ለማንም አይሰጥም። መረበሻቸው የሚያሰጋዎት ከሆነ ሐኪማቸውን አሁኑኑ፣ ገና ማዕበል ሳይኖር ያነጋግሩ። በመኪና ውስጥ ከኋላ ወንበር አጠገባቸው ሰው ይቀመጥ፤ የበሩ የልጆች መቆለፊያም ይዘጋ።

ጥያቄ፦ አባቴ በደርግ ጊዜ ታስረው ነበር። ባለፈው ማዕበል ትራንስፎርመር ሲፈነዳ ተኩስ መስሏቸው «መጡብን» እያሉ አልጋ ሥር ሊገቡ ሲሉ እኔም ልጆቼም ደነገጥን። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ «አባባ፣ ይሄ አሜሪካ ነው፣ ደርግ ከወደቀ ስንት ዓመቱ!» ብሎ መከራከር የሚጠቅም ይመስላል፤ ግን አይጠቅምም። ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፤ የተሳሳተው ምክንያቱ ብቻ ነው፤ ምክንያቱን የሚያርሙበት የማመዛዘን ችሎታ ደግሞ በሽታው የወሰደባቸው ነው። ስለዚህ ለፍርሃቱ መልስ ይስጡ፦ «እኔ እዚሁ ነኝ፣ በሩ ተቆልፏል፣ ማንም አይገባም፣ አብረን ነን።» ይህን ቀስ ብለው፣ በአማርኛ፣ እጃቸውን ይዘው ደጋግመው ይበሉ። እንግሊዝኛ ቢያውቁም ኋላ የተማሩት ቋንቋ ቀድሞ ስለሚሸሻቸው በጭንቅ ጊዜ የሚያረጋጋቸው የአፍ መፍቻቸው ነው።

የበለጠው ሥራ ግን ቀድሞ የሚሠራው ነው። ሳይመሽ መስኮቶቹን ይጋርዱ። መስኮት የሌለውን የውስጥ ክፍል ከማዕበሉ በፊት ባሉት ቀናት ቡና የምትጠጡበት አድርጉት፤ ሌሊት በድንገት ሲገቡበት እንግዳ አይሆንባቸውም። መብራት ከመጥፋቱ በፊት በባትሪ የሚሠራውን ፋኖስ አብሩ፤ ጥላ ለእሳቸው ሰው ሊመስል ይችላል። ቀኑን ሙሉ የማዕበሉን ምስል የሚደጋግመውን ቴሌቪዥን አጥፍታችሁ ዜናውን በስልክ ተከታተሉ። የሚወዱትን መዝሙር ወይም የቆየ ዘፈን ስልክዎ ላይ አስቀምጡ፤ ኢንተርኔት ይቋረጣልና። እጃቸውም ሥራ ይፈልጋል፦ የሚታጠፍ ነጠላ፣ መቁጠሪያ፣ የሚለቀም ምስር።

አንድ ነገር ግን ይለዩ። መደናገሩ በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ከባሰ፣ ወይም ጨርሰው ከደነዘዙ፣ ፍርሃት ብቻ ነው ብለው አይለፉት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ የሽንት መያዝ ወይም የመድኃኒት መዛባት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት።

ጥያቄ፦ ምን ምን ላዘጋጅ?

መልስ፦ ውኃ ለአንድ ሰው በቀን አንድ ጋሎን፣ ዳይፐር ከሚገምቱት በላይ፣ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ ከነባትሪው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካላቸው እሱንም አይርሱ። መድኃኒቱን በየጠርሙሱ ይያዙ፤ ሌላ ፋርማሲ የሚያነበው በጠርሙሱ ላይ ያለውን ነውና። በቴክሳስም በፍሎሪዳም አደጋ ሲታወጅ ፋርማሲ መድኃኒትን ቀኑ ሳይደርስ መሙላት የሚችልበት ሕግ ስላለ ይጠይቁ። ዶኔፔዚልን የመሳሰለ የመርሳት በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሁኔታቸው ሊያሽቆለቁል ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ አብዛኛው ዓይነት ከተከፈተ በኋላ ከ30 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እስከ 28 ቀን ስለሚቆይ ፍሪጅ ጠፋ ብለው አይጣሉት።

በኪሳቸው ወይም በልብሳቸው ውስጥ ስማቸውን፣ የእርስዎን ስልክ፣ «የመርሳት በሽታ አለብኝ፣ የምናገረው አማርኛ ነው» የሚል በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካርድ ይኑር። የሕክምና ውክልና ካለዎት ቅጂውን ይያዙ፤ ከሌለዎት እናትዎ ወይም አባትዎ ተረድተው የሚፈርሙበት አቅም ሳያልፍ ያስጨርሱት።

ጥያቄ፦ እማማ ሁሉን ቢረሱ ጾም አይረሱም። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። መብራት ቢጠፋ እንዴት እሆናለሁ?

መልስ፦ መብራት በጠፋ ቤት ውስጥ በኦገስት ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ለ80 ዓመት ሰው ሆስፒታል መግባት ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን ክርክር እርስዎ አይገጥሙትም፤ የንስሐ አባታቸው ይግጠሙት። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ከጾም ታሳርፋለች፤ ልጅ ሲናገር ግን ፈተና ይመስላል። ካህኑ ከወቅቱ በፊት ቢናገሯቸውና ድምፃቸውን በስልክ ቢቀዱልዎት፣ እማማ በረሱ ቁጥር መልሰው ያሰሟቸዋል። እስካሁን ከሰማኋቸው መላዎች ሁሉ ይህን ያህል የሠራ አላየሁም።

ለምግቡ በሶን የሚያህል የለም፤ እሳትም ፍሪጅም አይፈልግም፤ የጾም ነው፤ በውኃ ሲበጠበጥ ደግሞ ውኃውንም ያስገባል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመዋጥ ለሚቸገር ሰው አደገኛ ስለሆኑ ከእጃቸው ያርቁ። ፈሳሽ የሚያስላቸው ከሆነ በሶውን ጠበቅ አድርገው በማንኪያ ይስጡ።

ጥያቄ፦ በሃሪኬን ቤሪል ጊዜ ከሳምንት በላይ መብራት አልነበረንም። ዘንድሮ ጄኔሬተር ልገዛ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ቤሪል በጁላይ 8 ቀን 2024 በማታጎርዳ አጠገብ የብስ ስትነካ ደረጃዋ ከአምስቱ የሃሪኬን ደረጃዎች ዝቅተኛው፣ 1 ብቻ ነበር፤ ይሁንና በሂውስተን አካባቢ ከ2 ሚሊዮን በላይ የኤሌክትሪክ ደንበኞች መብራት አጡ፤ ከዚያም በቀጠለው ሙቀት በየቤታቸው የሞቱ አረጋውያን ነበሩ። ነፋሱ ካለፈ በኋላ ያሉት ቀናት ከነፋሱ የበለጠ እንደሚያሰጉኝ ደጋግሜ የምናገረው ለዚህ ነው። ሰው ማዕበሉ አለፈ ብሎ እፎይ ሲል ለእናትዎ አደጋው ገና መጀመሩ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ጠማኝ አይልም፤ ሞቀኝ ብሎ ሹራቡን አያወልቅም፤ አንዳንዴም ብርድ ነው ብሎ ጋቢ ይደርባል። የሽንት መድኃኒቶችና አንዳንድ የአእምሮ መድኃኒቶች ደግሞ ሰውነት ራሱን እንዳያቀዘቅዝ ያደርጋሉ። ክፍሉ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ማራገቢያ ብቻውን አያድንም፤ ሰውነታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ማቀዝቀዝና ኤሲ ወዳለበት ቦታ፣ ወደ ዘመድም ሆነ ከተማው ወደሚከፍተው ማቀዝቀዣ ማዕከል መውሰድ ያስፈልጋል። ሰውነታቸው ግሎ ንግግራቸው ከተዛባ ወይም ካልነቁ 911 ይደውሉ።

ጄኔሬተሩ ከቤቱ ቢያንስ 20 ጫማ ርቆ፣ ጭሱ ከበርና ከመስኮት ዞሮ ይቀመጥ፤ ጋራዥ ውስጥ በሩ ተከፍቶም ቢሆን አይሠራም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ ጠቋሚ ይግዙ። ለእኛ ቤት ለብቻው መናገር ያለብኝ የከሰል ነገር ነው። በፌብሩዋሪ 2021 ብርድ በሂውስተን ብዙ ቤተሰቦች የተመረዙት ቤት ውስጥ ከሰል በማንደድና በጋራዥ መኪና በማስነሣት ነው። መስኮት ተዘግቶ መብራት በጠፋበት ቤት የቡናውን ከሰል አያቀጣጥሉ። እናትዎ ከልማዳቸው ተነሥተው ራሳቸው ሊያቀጣጥሉ ስለሚችሉ ከሰሉንና ክብሪቱን ይደብቁ።

ጥያቄ፦ አባቴ በአረጋውያን ማቆያ ውስጥ ናቸው። እነሱ ያስቡበታል ብዬ ልተው?

መልስ፦ አይተዉት። በ2017 ሃሪኬን ኢርማ ካለፈች በኋላ በፍሎሪዳዋ ሆሊውድ በአንድ ማቆያ ኤሲው ቆሞ 12 አረጋውያን ሞተዋል። ፍሎሪዳ ከዚያ ወዲህ ማቆያዎች ለ96 ሰዓት የሚበቃ የኃይል ምንጭና ነዳጅ እንዲኖራቸው በሕግ አስገድዳለች። በየትኛውም ግዛት ቢሆኑ ኃላፊዋን እነዚህን ይጠይቁ፦ ጄኔሬተሩ ኤሲውን ያንቀሳቅሳል ወይስ ኮሪደሩን ብቻ ያበራል? ከተወሰዱ የት ይወሰዳሉ? ማን ይደውልልኛል? በሌሊት ስንት ሠራተኛ ይቀራል? መልሱ «ዕቅድ አለን» ብቻ ከሆነ ዕቅዱን ያሳዩኝ ይበሉ።

ጥያቄ፦ በቴክሳስ መንግሥት መጥቶ እንዲወስደን የሚመዘገቡበት አለ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ስቲር የሚባል መዝገብ አለ፤ በ211 ደውለው ይመዘገባሉ፤ ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። ሆኖም መመዝገብ ሰው እንደሚመጣ ዋስትና አይሰጥም፤ በኤሌክትሪክ ኩባንያው በሕክምና ምክንያት መመዝገብም መብራት እንደማይጠፋ ዋስትና አይደለም። ተመዝግበው የራስዎን ዕቅድ ይያዙ።

ጥያቄ፦ መጠለያ ብንገባና እናቴ ሾልከው ቢወጡስ?

መልስ፦ እንደ ደረሳችሁ ለመዝጋቢዋ በሽታውን ይንገሩ፤ ከመውጫ በሮች ርቆ በግድግዳ ጥግ ያለ ቦታ ይጠይቁ፤ ሌሊት በተራ ተኙ። በዕለቱ የለበሱትን ልብስ ፎቶ ያንሱ። ከጠፉ ራስዎ ከ15 ደቂቃ በላይ ሳይፈልጉ 911 ይደውሉ፤ 24 ሰዓት መጠበቅ የሚባል ነገር የለም። ቴክሳስም ፍሎሪዳም ሲልቨር አለርት የሚባል ለአረጋውያን የሚወጣ ማስታወቂያ አላቸው፤ በቴክሳስ ሐኪም በሽታውን ያረጋገጠበት ወረቀት ስለሚጠየቅ ቅጂው በስልክዎ ይኑር። ፈላጊዎቹ በአማርኛ ስማቸውን እንዴት እንደሚጠሯቸው ያስተምሯቸው፤ «እማማ» ሲባሉ ዞር ይሉ ይሆናል። የቀይ መስቀል መጠለያ ለመግባት የመኖሪያ ፈቃድ አይጠየቅም።

ጥያቄ፦ ዳላስ ቆይተን ከተመለስን ወዲህ እናቴ የራሳቸውን ቤት አላውቅም፣ «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ቤት የሚሉት ደብረ ማርቆስን ይመስለኛል። ይመለሳሉ?

መልስ፦ ከቦታ ቦታ መዛወር ብዙ ሰው ላይ እንዲህ ያለ መዘባረቅ ያመጣል፤ የምግቡ፣ የመተኛው፣ የቡናው ሰዓት እንደ ቀድሞው ሲመለስ ብዙዎቹ ይሻሻላሉ፤ አንዳንዶቹ ግን ወደ ነበሩበት አይመለሱም። «ወደ ቤቴ» ሲሉ «ቤትዎ ይሄ ነው» ብለው ከመሟገት ስለ ደብረ ማርቆስ ይጠይቋቸው፤ ካወሩ በኋላ ወደ ምግብ ወይም ወደ በረንዳ ይምሯቸው። ሁለት ሦስት ሳምንት አልፎ መሻሻል ካላዩ፣ ወይም ከመጀመሪያው ትኩሳት፣ ውድቀት፣ አዲስ የሽንት ችግር ካለ ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው፤ በጉዞው ወቅት የተቋረጠ ወይም የተደጋገመ መድኃኒት እንደ ነበር አብረው ይቁጠሩ። ለእርስዎ ደግሞ የአልዛይመር ማኅበር በ1-800-272-3900 ቀንና ሌሊት ይመልሳል፤ አስተርጓሚም ይጠይቁ።